ሱባኤው እስኪፈታ የቆየ መርዶ

ወሬው የደረሰኝ ሐሙስ ምሳ ላይ፣ አንድ ጉርሻ ምስር አፌ ውስጥ እያለ ነው። በኋላ ሳስበው ያቺን ጉርሻ እግዚአብሔር ሆን ብሎ ያዘጋጃት ይመስለኛል። አፌ ባዶ ቢሆን ኖሮ ጮኼ ነበር፤ ብጮህ ደግሞ የስልሳ ልጆች ሱባኤ ይፈርስ ነበር።

የምሠራው ዲላ ውስጥ ባለ አንድ የካቶሊክ ንዑስ ዘርዓ ክህነት ነው፤ በልጆቹ አፍ «ሰሚናሪ»። ካህን የመሆን ሐሳብ ያላቸው ወንዶች ልጆች ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እየተማሩና እየጸለዩ የሚያድጉበት ቤት ነው። እኔ የቤቱ ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንሶላው፣ ሳሙናው፣ ድስቱ፣ ጉንፋን የያዘው ልጅና አንድ እግሩ የጠፋ ካልሲ የኔ ናቸው ለማለት ነው። በዚያ ሐሙስ የዓመቱ ሱባኤ ላይ ነበርን። ሱባኤ እኛ ዘንድ ከረቡዕ ማታ እስከ እሁድ ቅዳሴ ድረስ ሙሉ ዝምታ ነው። ደወል ይደወላል፣ ይጸለያል፣ ስብከት ይሰማል፣ በሜዳው ዙሪያ መቁጠሪያ ተይዞ ይዞራል፤ ከጸሎትና ከኑዛዜ በስተቀር ግን ማንም ማንንም አያናግርም። የግድ የሆነ ነገር ካለ በቁራጭ ወረቀት ይጻፋል።

እንግዲህ ስልሳ ልጅ ማንኪያ እንኳን ሳያንኳኳ እየበላ፣ አንዱ ፊት ለፊት ቆሞ የሰማዕታት ታሪክ እያነበበልን፣ ሰማዕቷ ከአንበሶቹ ጋር ዓይን ለዓይን ስትተያይ፣ ተረኛው አሳላፊ ማቴዎስ መጣ። የቡሌ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ የዲላ ሙቀት ሁልጊዜ እንግዳ የሚሆንበት። አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ከሳህኔ አጠገብ አኖረና አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከፈትኩት። የአባ ጽሑፍ ነው፤ የሰሚናሪው አለቃ ናቸው፤ በዕድሜ እበልጣቸዋለሁና አንቱ ይሉኛል።

«እትዬ፣ ወንድምዎ ደውሎ ነበር። እናትዎን ትንሽ አሟቸዋል፤ ቶሎ ትምጣልኝ ብሏል። እርስዎ በጸሎት ይበርቱ። የቀረውን እሁድ ሱባኤው ሲፈታ እንነጋገራለን።»

እናቴ ሞተች ማለት ነው።

አትፍረዱብኝ፤ እናንተም ብትሆኑ እንዲሁ ነበር የምታነቡት። በአገራችን ከቤቱ ርቆ ለሚኖር ሰው «እናትህ ሞተች» ብሎ የሚደውል ማን አለ? «ትንሽ አሟቸዋል» ከተባለ ዛሬ ተቀብረዋል። «ጠንቶባቸዋል» ከተባለ ሠልስቱ አልፏል። «ሆስፒታል ገብተው አሁንስ በጣም ተሽሏቸዋል» ከተባለማ አርባቸው ደርሷል። በእርግጥ የታመመ ሰው ቢኖር እንዴት አድርገን እንደምንናገር አላውቅም፤ ለእሱ የሚሆን ቃል አላስቀረንም። ደግሞም «ይበርቱ» ይላል። እናቱ ጉንፋን የያዘው ሰው በርታ ይባላል?

ጉርሻዬን ዋጥኩ። ወረቀቱን አጥፌ ከሳህኔ ሥር አደረግኩት። ከዚያ፣ ለሰው ሲያወሩት ያሳፍራል፣ የቀረበልኝን በሙሉ በላሁ። ምግብ ጨርሼ የማላውቅ ሴትዮ ሳህኔን ጠረግኩ። ካቆምኩ ምን እንደማደርግ አላውቅማ።

ይህን ዝምታ እንዲህ ያጠበቅሁት እኔው ራሴ መሆኔን ሳልነግራችሁ ማለፍ ግብዝነት ነው። ቀድሞ ዝም የሚሉት ልጆቹ ብቻ ነበሩ፤ እኛ ሠራተኞቹ ወጥ ቤት ውስጥ እንደ ልባችን እናወራ ነበር። መስከረም ላይ በስብሰባ እጄን አወጣሁ። «አባ፣ ልጆቹ ተጋድሎ ላይ ሆነው እኛ ስንንጫጫ ምን ዓይነት አርአያነት ነው? እኛም ዝም እንበል፤ ስልካችንንም እናስረክብ» አልኩ። የወጥ ቤቷ ብርቄ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

«ጨው አቀብዪኝ በምልክት እንዴት ነው የሚባለው?» አለች ጮክ ብላ።

«ምላስ አውጪ» አላት ጋሽ ዱካሌ። የበር ጥበቃችን ነው፤ የጌዴኦ ሰው፣ ጴንጤ፣ በዚህ ግቢ ከሁላችንም በላይ የኖረ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። እኔ ቁም ነገር ላይ ነበርኩ።

ጋሽ ዱካሌ ብቻ ከደንቡ ወጣ። «በር ላይ ቆሞ ዝም የሚል ጥበቃ ሌባ ነው የሚመስለው» ብሎ ተከራክሮ አሸነፈ። የቀረነው ረቡዕ ማታ ስልካችንን ካርቶን ውስጥ ጣልን። መጀመሪያ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ያውም አጥፍቼ፣ በመሀረብ ጠቅልዬ፣ ልጆቹ እያዩኝ። ካርቶኑ የአባ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት፤ ቁልፉ የአባ ኪስ ገባ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ደስታ አሁን ሳስታውሰው፣ ለኑዛዜ የሚበቃ ነበር።

ወንድሜ ኃይሌ ስልኬን ቢሞክር ዝግ ሆነበት። አንድ ጊዜ ስልኬ ተበላሽቶ በጋሽ ዱካሌ ስልክ ደውዬ ነበርና ያን ቁጥር ፈልጎ ደወለ። ጋሽ ዱካሌም ሰምቶ ስልኩን ለአባ ሰጠ። እንዲህ ነው የሆነው።

እናቴ ከቦንጋ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ከኃይሌ ጋር ነው የምትኖረው። ከዲላ እዚያ ሁለት ቀን ነው፤ ሶዶ ይታደራል። እዚህ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ካየኋት ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ለመስቀል እመጣለሁ ብዬ አዲስ ልጆች ስለገቡ ቀረሁ። ስደውልላት ሁሌም አንድ ጥያቄ ነው። «መቼ ነው የምትመጪው?»

«እማዬ፣ ልጆቹን ለማን ትቼ?»

«እነሱ እናት የላቸውም እንዴ?» ትለኛለች፤ ከዚያ ስልኩን ለኃይሌ ትሰጠዋለች።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። ያልተነገረ መርዶ ክፉ ነገር ነው። ሰው መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ወጉን አድርሶ ካልነገረህ ማልቀስ አትችልም፤ ብታለቅስ ሟርተኛ ትባላለህ። ሞታለች ብዬ ልልበስ፣ አልተነገረኝም። አለች ብዬ ልነሳ፣ ልቤ አያምንም። ከምሳ በኋላ ወደ አባ ቢሮ ሄድኩ፤ ተቆልፏል። ቡሌ በኩል አንዲት ቤተ ክርስቲያን ነፋስ ጣሪያዋን ወስዶባት ተጠርተው ሄደዋል፤ ቁልፉም ኪሳቸው ውስጥ አብሯቸው ሄዷል። የጥቅምት ዝናብ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ እስከ ቅዳሜ አይመለሱም። ይህንንም ያወቅሁት በራቸው ላይ ከተለጠፈች ወረቀት ነው። በዚያ ሳምንት ሕይወቴን የሚመራው ወረቀት ነበር።

ከሐሙስ ከሰዓት ጀምሮ ግቢው ደግ ሆነብኝ። ባልዲ ሳነሳ ማቴዎስ ከእጄ ይወስዳል። ጸሎት ቤት ስገባ ልጆቹ ወንበር ይለቁልኛል። ማታ ብርቄ በሾርባዬ ላይ እንቁላል ጨመረችልኝ፤ ለማንም ያልተጨመረ እንቁላል። ከኋላዬ መጥታም ትከሻዬን ይዛ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ሁሉም አውቀዋል ማለት ነው። በኋላ እንደሰማሁት ጋሽ ዱካሌ ለብርቄ ነግሯት፣ ብርቄ ለቀሩት በምልክት አስተላልፋ ነው። ያን ሁሉ ነገር በእጇ እንዴት እንደተናገረችው እስካሁን አልገባኝም፤ ጨው መጠየቅ ያቃታት ሴት።

እያንዳንዷ ደግነት አንድ አካፋ አፈር ሆነችብኝ። እንቁላሉን ስበላ እናቴን የቀበርኳት ያህል ነው የተሰማኝ።

ዓርብ ጠዋት ከዚህ በላይ አልቻልኩም፤ ወደ በሩ ሄድኩ። ጋሽ ዱካሌ መናገር ይፈቀድለታል፤ እኔ ግን አይፈቀድልኝም። ራሴ ያወጣሁትን ደንብ ራሴ አላፈርስም። ስለዚህ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩለት። «ጋሽ ዱካሌ፣ እናቴ ሞታለች ወይ? እውነቱን ይንገሩኝ።»

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር፣ ጋሽ ዱካሌ በልቡ ማንበብ የማይሆንለት መሆኑን ነው። መጽሐፍ ቅዱሱንም ሲያነብ እስከ መንገዱ ይሰማል። ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀ፣ አቀረበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እ-ና-ቴ...» አለ።

በሜዳው ዙሪያ መቁጠሪያ ይዘው የሚዞሩት ልጆች ቀስ አሉ።

«ሞ-ታ-ለ-ች...»

ልጆቹ ቆሙ። ስልሳውም።

ያን ጊዜ የሚያነበው ምን እንደሆነ ገባው መሰለኝ፤ ወረቀቱን በብብቱ ሥር ሸሸገና «ኧረ! ማነው እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፈው?» አለ፣ ከፊቱ እኔ ብቻ ቆሜ ሳለ። «እናትሽ ደህና ነው። በጣም ደህና ነው። ትንሽ አመመው እንጂ ደህና ነው።» መሬት መሬት እያየ ዓይኑን በኮቱ አንገት ጠረገ። «አንቺ ዝም ብለሽ ጸልይ። ትናንት እኛም ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ጸለዩልሽ።»

ጸለዩልሽ! ለእሷ አይደለም፣ ለኔ። ለታመመ ሰው ቢሆን ለታመመው ነበር የሚጸለየው። ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩትና ተመለስኩ። ልጆቹም መዞር ጀመሩ፤ የመቁጠሪያቸው ድምፅ ግን ከቅድሙ ከፍ ያለ ነበር፤ ለማን እንደሚጸልዩ አውቄዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ኑዛዜ ሆነ። አንድ ነገር በራልኝ፦ በዚህ ግቢ አፍ የሚከፈትበት ቦታ ይኸው ነው! ሱባኤውን የሚመሩት ከሆሳዕና በኩል የመጡ ሽማግሌ ካህን ናቸው። ከልጆቹ ኋላ ተሰለፍኩ። ፊቴ አሥራ ሰባት ልጅ አለ፤ አሥራ ሰባት ልጅ ምን ያህል ኃጢአት ሊኖረው እንደሚችል ያን ቀን ነው የተማርኩት፤ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ተራዬ ደርሶ ስንበረከክ ድምፄ ከሁለት ቀን ዝምታ የተነሳ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

«አባ፣ እናቴ ሞታለች መሰለኝ፤ አለቃችን ያውቃሉ፤ ይደውሉላቸውና ይጠይቁልኝ።»

«ልጄ፣ ይህ ኃጢአት አይደለም» አሉ።

«ልቤ በሱባኤው ላይ አልሆን አለኝ። ይህንን እንደ ኃጢአት ይያዙልኝ።»

«እሺ፣ ያዝኩት። ግን እዚህ የሰማሁትን ወደ ውጭ ይዤ መሄድ አይፈቀድልኝም። ወጥተሽ ውጭ ንገሪኝ።»

«ውጭ ዝምታ ነው፣ አባ።»

«ደንቡን ማነው እንዲህ ያከረረው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ። ይህንንም ይያዙልኝ።»

«ወረቀቱ ምን ነበር የሚለው?» አሉ።

«ትንሽ አሟቸዋል፤ ቶሎ ትምጣልኝ ብሏል ነው የሚለው።»

«ታዲያ ለምን አታምኚውም? ታማ ይሆናላ። ተነሽና ሂጂ። እናት ታማለች ተብሎ የተሄደ እንደሆነ ሱባኤ አይፈርስም።»

እውነት ነው፤ እንዲህ አሉኝ። በዚያ ሁሉ ቀን የተጻፈውን እንደተጻፈ ያነበበልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔስ ምን አልኳቸው? ፈገግ አልኩ። እንደ ሕፃን አየኋቸው። «አባ፣ እርስዎም የዚህ አገር ሰው ነዎት» አልኳቸው። «ለሞተ አይቸኮልም። ሱባኤዬን ልጨርስላት።»

ለንስሐ አንድ ዙር መቁጠሪያ እንድደግም ሰጡኝና ፈቱኝ። ቅዳሜ በሌሊት የሶዶ መኪና ከመናኸሪያ ወጣ፤ እኔ ጸሎት ቤት ነበርኩ።

ቅዳሜ ወደ ዝግጅት ገባሁ። ሱባኤው እሁድ ስለሚፈታ፣ መርዶም ጎህ ሲቀድ ስለሚነገር፣ እሁድ ማለዳ ወደ ክፍሌ እንደሚመጡ ገባኝ። ክፍሌ ደግሞ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው። የቤት ኃላፊ ሆኜ ለቅሶ ቤቴ መቀመጫ አጣ ልባል ነው? ከመማሪያ ክፍል አራት አግዳሚ ወንበር ተሸክሜ አስገባሁ። ወለሉን አጠብኩ። ጥቁር ቀሚሴን ከሻንጣ አውጥቼ ተኮስኩና፣ ገና ሳልነገር ለብሼ ነጋሪዎቹን እንዳላሳፍራቸው አልጋው ሥር ደበቅኩት። ስንዴና ሽንብራ ለንፍሮ ዘፈዘፍኩ። በዚህ ሁሉ መካከል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አግዳሚዎቹን መሥመር ሳስይዝ አንድ ዓይነት እርካታ ተሰማኝ። ማንም እንደኔ አድርጎ የራሱን መርዶ አይቀበልም።

ብርቄ ንፍሮውን አየች። አግዳሚዎቹን አየች። እጇን በአፏ ላይ ጫነች። መርዶው ተነግሮኛል ብላ ደመደመች። ወጥታም፣ አሁንም በዚያ በማላውቀው የእጅ ቋንቋዋ፣ ለግቢው ሁሉ ነገረች።

ከምሳ በኋላ ከመመገቢያው ስወጣ ልጆቹ በመተላለፊያው ተሰልፈው ጠበቁኝ። ሱባኤ ነውና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ማለት አይችሉም። ስለዚህ አንድ በአንድ እየመጡ፣ እጄን በሁለት እጃቸው እየያዙ፣ ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ስልሳ ልጅ። ከቡና አገር ከኢዲዶ የመጣ አንድ ልጅ እጁ በሳሙና ያልለቀቀ የእሸት ቡና ቀለም ነበረበት። አንዱ ትንሽ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት መስቀሉን ከአንገቱ አውልቆ አሳለመኝ። ማቴዎስ መጨረሻ ላይ መጣና እየተንሰቀሰቀ፣ ድምፅ ግን ሳያወጣ፣ አቀፈኝ። እኔም ድምፅ ሳላወጣ ጀርባውን መታ መታ አደረግኩት። ድምፅ አልባ ለቅሶ እንዴት እንደሚያንቅ አይታችሁ አታውቁም። ሽማግሌው ካህን በረንዳ ላይ ቆመው ሲያዩን ቆይተው ኮፍያቸውን አወለቁ። እሳቸውም አመኑ።

እሁድ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። አባ፣ ብርቄ፣ ጋሽ ዱካሌ፣ ሽማግሌው ካህን፣ ከኋላቸውም የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች፤ አንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት፣ አንዷ መናኸሪያ አጠገብ ማር የምትነግድ ሴት። የቦንጋ ተወላጆች ናቸው፤ የአገሬ ሰው መርዶዬን እንዲነግረኝ አባ ከቡሌ ሆነው በስልክ ሲያፈላልጉ ነው የሰነበቱት። እንዲህ ያሉ ደግ ሰው ናቸው። ተቀመጡ። አግዳሚው በቃ፤ በዓይኔ ቆጠርኩ።

የማር ነጋዴዋ ጀመረች። «እህቴ፣ እኛ ሁላችን መንገደኞች ነን...»

አላስጨረስኳትም። ከሐሙስ ጀምሮ የተጠራቀመውን ለቀቅኩት። እንዲህ ያለ ለቅሶ አልቅሼ አላውቅም፤ ወለል ላይ ተንከባለልኩ፤ ያጠብኩት ወለል ስለነበር ቀሚሴ እንኳን አልቆሸሸም። ለመስቀል የቀረሁትን እያነሳሁ አለቀስኩ፤ «እነሱ እናት የላቸውም እንዴ» ያለችኝን እያነሳሁ አለቀስኩ። ልጆቹ ከዶርም ተነስተው መስኮቱን ሞሉት። ጋሽ ዱካሌ በጌዴኦኛ ያለቅስ ነበር። ዓይኔ ሲደርቅ፣ ቀስ ብለው አነሱኝ። ንፍሮ ዞረ።

አባ ስልኬን ከነመሀረቡ ሰጡኝ። ከፍቼ ኃይሌ ጋ ደወልኩ። ስቸኩል ድምፅ ማጉያውን ነክቼው ኖሯል፤ ሁሉም ይሰማል።

«ኃይሌ፣ መቼ ቀበራችኋት?»

«ማንን?»

«እማዬን ነዋ!»

«አንቺ ጤና የለሽም?» አለኝ። «እማዬ ይኸው አጥሚት አልጠጣም ብላ እየተጨቃጨቅን ነው። ሐሙስ ነው የደወልኩት! ታማለች፣ አንቺን ነው የምትጠራው፣ ቶሎ ትምጣ አልኳቸው! ስልክሽን ዘግተሽ የት ነው ያለሽው?»

የማር ነጋዴዋ ያነሳችው ንፍሮ አፏ ሳይደርስ ቀረ። አባ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ከኃይሌ ኋላ፣ በጣም ከሩቅ፣ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«መጣች?»

«መንገድ ላይ ናት፣ እማዬ» አለ ኃይሌ።

የእናቴን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ መንገድ ላይ አልነበርኩም። የራሴን ንፍሮ እየበላሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሳጥራለሁ፤ እንደዚያ ቀን ሳቅና ለቅሶ ተደባልቀውብኝ አያውቁም። ብርቄ እየሳቀች «አለች! አለች!» እያለች ግቢውን ዞረች፤ ልጆቹ ዝምታው ሳይፈታ ጮኹ፤ የማር ነጋዴዋ ሳታውቀኝ አቅፋኝ አለቀሰችልኝ፤ ጥቁሩን ቀሚስ አልጋ ሥር ትቼ ባገኘሁት ልብስ ወጣሁ። አባ መናኸሪያ ድረስ በሞተር ሸኙኝ። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «እትዬ፣ ወንድምዎ ታማለች ሲለኝ... እኔም እንደ ሰው ነው የገባኝ።» ምን ልበላቸው? እኔስ ከሳቸው በምን ተሻልኩ? እሳቸው እንኳን የተሳሳቱት አንድ ጊዜ ነው፤ እኔ «ተነሽና ሂጂ» ተብዬ ፈገግ ያልኩ ሴት ነኝ።

ሐዋሳ፣ ከዚያ ሶዶ። አደርኩ። ሰኞ በማለዳ ተነሳን። ተርጫን አልፈን ጎማ ፈነዳ፤ መለዋወጫውም ንፋስ አልነበረውም። አንድ ተሳፋሪ «እማማ፣ ምን እንዲህ ያቁነጠንጥዎታል? አይዞዎት፣ እንደርሳለን» አለኝ። «እናቴን አሟታል» አልኩት። አዘነና ከንፈሩን መጠጠ፣ ቦታም ለቀቀልኝ፤ ገባው። እንዴት አድርጌ ላስረዳው እንደምችል ጠፋኝ። ታማለች! በእውነት ታማለች! አልሞተችም! ብዬ ብጮህ እብድ ነው የምባለው።

ሰኞ ማታ ስደርስ በደጃፋችን ድንኳን ተተክሏል። በጠዋት ነው ያለፈችው፣ ጎማው ሊፈነዳ ሲል ገደማ። ቀብሯም ተፈጽሟል። ዓርብ ማለዳ ተነስቼ ቢሆን ቅዳሜ ማታ እደርስ ነበር፤ ካህኑን ሰምቼ ቅዳሜ ብነሳ እንኳን እሁድ ማታ። ይህን ሒሳብ በቀን ስንት ጊዜ እንደምሠራው አትጠይቁኝ፤ ውጤቱ አይለወጥም።

መንደርተኛው ሲያየኝ ዋይታውን አቀለጠው፤ እኔ ግን ቆምኩ። እንባ የለኝም። ፈለግኩት፤ የለም። ለእናቴ የነበረኝን በሙሉ ዲላ ላይ፣ በሕይወት ሳለች፣ አጥሚት አልጠጣም እያለች፣ አፍስሼው መጥቻለሁ። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ገዳም የገባ ሰው ልቡ እንዲህ ይደርቃል» ስትል ሰማኋት። ገዳም እንዳልገባሁ እንኳን ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። ኃይሌ ወደ ጓዳ ወሰደኝና «አራት ቀን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር?» አለኝ።

«ሱባኤ ላይ ነበርኩ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ወደ ድንኳኑ ወጣ።

አሁን ዲላ ተመልሻለሁ። ደወሉ ይደወላል፣ ካልሲው ይጠፋል፣ ማቴዎስ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። አባ በሚቀጥለው ሱባኤ የሠራተኞች ዝምታ ቀርቷል ብለው አስታወቁ፤ ማንም እኔን አላየኝም፤ ሁሉም ግን እኔን ላለማየት ሲሉ ወደ አንድ ቦታ ነበር ያዩት።

ኃይሌን በስልክ ስለ እማዬ ስጠይቀው «በሰላም ነው ያረፈችው፤ ተኝታ ነው ያለፈችው፤ ምንም አላለችም» ይለኛል። እንደሱ የማይባል ሟች የለም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ ከሐሙስ እስከ ሰኞ በእናቴ አልጋ ዙሪያ ለነበራችሁ የመንደራችን ሴቶች፣ የሚያነብላችሁ ሰው ከተገኘ። «መጣች?» ስትል ስንት ጊዜ «መንገድ ላይ ናት» አላችኋት? ሐሙስም ዓርብም ቅዳሜም እንዲሁ አላችኋት ወይ? ታምናችሁ ነበር? ወይስ በመጨረሻ መጠየቅ ተወች? ንገሩኝ። ሽማግሌ አትላኩ፣ ሰው አትሰብስቡ፣ እንድበረታም አታዘጋጁኝ። ረስታኝ ከነበረ ረስታሽ ነበር በሉኝ፤ ተቀይማኝ ከነበረ፣ ተቀይማሽ ነው የሄደችው በሉኝ።